ግድግዳው ባዶ ነው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ድሪልን መጀመሪያ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል ከላይ ይሁን ከታች የማይለይ ድምፅ ይጀምራል። አንዱ መጋረጃ እየሰቀለ ነው፣ ሌላው ቴሌቪዥን፣ ሌላው የኩሽና መደርደሪያ። ብዙዎቹ ቤቶች ለባለዕጣው የተሰጡት ውስጣቸው ሳይለሰን፣ ወለላቸው ሲሚንቶ እንደሆነ ነው። ቁልፍ መረከብ ማለት ግንባታ መጨረስ ሳይሆን መጀመር ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ከነዚህ ቤቶች አንዱ የደረሰው ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ከድሪል ጋር ይተዋወቃል። ወይ ይገዛል፣ ወይ ይዋሳል፣ ወይ ድሪል ያለው ሰው እየጠራ ይኖራል።

እኛ የምንጠራው ነበርን። እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። አምፖል መቀየር፣ የቧንቧ ጎሚኒ መቀየር የኔ ሥራ ነው። ግድግዳ መብሳት ግን ሰው የሚጠራበት ሥራ ሆኖ ኖረ። ሰው መጥራት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቅዳሜ እመጣለሁ ያለው ማክሰኞ ይመጣል። ሁለት ሴቶች ብቻ በሚኖሩበት ቤት የማያውቁትን ሰው ማስገባትም ሌላ ሂሳብ ነው፤ እማዬ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የጎን ጎረቤታችንን "ነይ ቡና ጠጪ" ብላ ትጠራታለች። ቡናው ሰበብ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሠራተኛውም ሳያውቅ አይቀርም።

ባለፈው ክረምት እማዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። እርጥብ ሴራሚክ፣ የቆየ ነጠላ ጫማ፣ በቃ። የእጅ አንጓዋ ተሰነጠቀና ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየ። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ ከጨረሰ በኋላ እንደ ቀላል ነገር "መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ አስገቡ" አለን። አንድ ሠራተኛ ጠራን። መጣ፣ በሃያ ደቂቃ ጨረሰ፣ ሥራው ሲታይ ያምራል። በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ከመቀመጫው ስትነሳ መያዣውን ያዘች፤ መያዣው ከነፊሸሩ፣ ከነልስኑ እጇ ላይ ቀረ። በሌላኛው እጇ የእጅ መታጠቢያውን ስለያዘች ነው ያልወደቀችው።

ከዚያ በኋላ እማዬ መያዣ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳባት አለች። "አርጅተሻል ለማለት ነው" አለች። እኔ ግን ቀዳዳዎቹን ሳያቸው ያየሁት ሌላ ነገር ነው። በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ ተመለከትኩ፤ ከሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር በኋላ ግድግዳ የለም። ጨለማ ነው። ግድግዳችን ባዶ ነው።

*

ይሄን ነገር ግንበኞች ሁሉ ያውቁታል፤ እኛ የምንኖርበት ሰዎች ግን አናስበውም። ቤታችንን ያቆሙት ኮለኖቹና ቢሞቹ ናቸው፤ ኮንክሪት ውስጡ ፌሮ ያለበት። በመካከላቸው ያለው ብሎኬት ነው፤ ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር፣ መሀሉ ባዶ። በላዩ ልስን አለ፣ በልስኑ ላይ ቀለም ወይም ሴራሚክ። አንዳንድ ቤት ደግሞ የክፍል መለያው አግሮስቶን ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ግድግዳ ናቸው። መሳሪያው ሲነካቸው ግን ሦስቱም የተለያየ ጠባይ አላቸው።

በጣት አንጓ ማንኳኳት ነው የመጀመሪያው ሥራ። ኮለን ድምፅ አይሰጥም፤ አንጓችሁን ያማችኋል እንጂ አይመልስም። ብሎኬት ትንሽ ይመልሳል። አግሮስቶን ከበሮ ነው። መስኮት በላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ኮንክሪት ነው፤ መጋረጃ ለመስቀል ምስማር የመታ ሰው ሁሉ የታጠፈ ምስማር ይዞ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ "የትኛው ድሪል ጥሩ ነው?" የሚለው ይመስላል። ሰው ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ ቪዲዮዎቹም ከዚያ ነው የሚጀምሩት። እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበት ነገር ቢኖር ግን ጥያቄው ከሱቁ ሳይሆን ከግድግዳው መጀመር አለበት የሚለው ነው። ምን ላይ ነው የምበሳው? ቀዳዳው ምን ሊሸከም ነው? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ መሳሪያው ራሱን ይመርጣል ማለት ይቻላል።

*

ሱቅ ለሱቅ ስንከራተት የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጠው።

ሽማግሌ ባለሙያዎች ድሪልን ትራፓኖ ይሉታል። የሚበሳውን ዘንግ ፑንታ፣ ካቻቢቴውን ካቻቢቴ፣ ዳዶውን ዳዶ። የእጅ ሙያችን ጣሊያንኛ ይናገራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዕቃ ለመግዛት ሁለቱንም ቋንቋ ትንሽ ትንሽ መስማት ያስፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ "ድሪል" ብላችሁ ስትጠይቁ ሦስት ዓይነት ነገር ይቀርብላችኋል። የመጀመሪያው ተራው ነው፤ ይሽከረከራል፣ ሌላ ነገር የለውም። ለእንጨት፣ ለብረት፣ ለቺፑድ፣ ለኮምፔንሳቶ ይበቃል። ሁለተኛው ኢምፓክት ድሪል የሚባለው ነው። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች አንዱ ባንዱ ላይ እየተንሸራተቱ ፑንታውን በትንሽ በትንሹ፣ ግን በጣም በፍጥነት ይመቱታል። የሚበሳው እናንተ ስትገፉት ነው። ብሎኬትና ጡብ ላይ ይሠራል፤ ኮንክሪት ላይ ግን ይጮሃል እንጂ ብዙ አይራመድም። ቅዳሜ ጠዋት ለአርባ ደቂቃ የማያቋርጥ ጩኸት ስትሰሙ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ኢምፓክት ድሪል ይዞ ኮለን እየታገለ ነው።

ሦስተኛው ሮታሪ ሀመር ነው። በሱ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ አየር ያምቃል፣ የታመቀው አየር መዶሻውን ይወረውራል። ምቱ ከኢምፓክቱ ያነሰ ብዛት አለው፣ ግን እያንዳንዱ ምት ከባድ ነው። መግፋት አይጠይቅም፤ መያዝና አቅጣጫ መጠበቅ ብቻ። ፑንታውም የተለየ ነው፤ ጭራው ላይ ቦይ ያለው፣ ኤስዲኤስ የሚባለው፣ ያለ ቁልፍ ጠቅ ብሎ የሚገባ። ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ትንሹ ለቤት ሥራ ይተርፋል። ይሄን ያወቅሁ ቀን የገረመኝ ነገር፣ ጉልበት የሚጠይቀው ርካሹ መሳሪያ መሆኑ ነው። "ይሄ የወንድ ሥራ ነው" የሚባለው ነገር ግማሹ የተሳሳተ መሳሪያ ይዞ መታገል ነበር።

"እህቴ፣ ለወንድምሽ ነው?" አለኝ አንዱ ባለሱቅ፣ መርካቶ።

"ለግድግዳዬ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ከዚያ በኋላ እንደውም ጥሩ አድርጎ አስረዳኝ። ሰካልኝ፣ አስነሳልኝ። መሳሪያ ሳይነሳ አይገዛም። ባዶውን ስታስነሱት ፑንታው ጫፉ ላይ ክብ እየሠራ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት። በማናፈሻ ቀዳዳው በኩል ትንሽ ብልጭታ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ዙሪያውን የከበበ እሳት ከሆነ ግን አይደለም። ካርቦኑ መለዋወጫ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካርቦን የምትባለው ሞተሩ ውስጥ እያለቀች የምትሄድ ትንሽ ቁራጭ ናት፤ እሷን የማታገኙለት መሳሪያ ስሙ ምንም ይሁን ምን አንድ ቀን የበር መደገፊያ ይሆናል።

ስለ ባትሪ ድሪል ደግሞ አንድ ነገር። ካርቶኑ ላይ 48፣ 88፣ 128 የሚሉ ትልልቅ ቁጥሮች ከጎናቸው "ቪኤፍ" የሚል ፊደል ተጽፎባቸው ታያላችሁ። ቮልት ይመስላል። ግን ብዙውን ጊዜ የሞዴል ስም ነው፤ እውነተኛው ቮልት ባትሪው ሥር በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። 18 ቮልትና 20 ቮልት የሚባሉት ደግሞ በአብዛኛው አንድ ናቸው። ባትሪው ውስጥ በተርታ የተያያዙ አምስት ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ በሥራ ላይ ወደ 3.6 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆን ወደ 4 ቮልት ይሰጣል። አምስት ጊዜ 3.6፣ 18። አምስት ጊዜ 4፣ 20። አንዱ ሻጭ የሥራውን ቁጥር ጻፈ፣ ሌላው ሙሉውን። በዚህ ልዩነት ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

መብራት በሚሄድበት ከተማ ባትሪ ይሻላል የሚል ክርክር አለ፤ እውነትም አለው። አልጋ ለመገጣጠም፣ ማጠፊያ ለመቀየር፣ ቪቴ ለማሰር ባትሪ ያለው ምቹ ነው። ነገር ግን ኮንክሪት የሚበሳ ጥሩ የባትሪ መሳሪያ ከነባትሪው ውድ ነው፣ ባትሪ ደግሞ ብትሠሩበትም ባትሠሩበትም ያረጃል። በዓመት አራት አምስት ቀን ግድግዳ ለሚበሳ ሰው ስፒና ያለው ይበቃል። እኔ እሱን ገዛሁ። ማዞሪያው ሦስት ቦታ አለው፤ ማሽከርከር ብቻ፣ ማሽከርከርና መምታት፣ መምታት ብቻ። ለተራ ፑንታ የሚሆን መያዣም አብሮት ነበር። ይሄ "ማሽከርከር ብቻ" የሚለው ቦታ በኋላ ሥራውን ሁሉ እንደሚያድን ያን ጊዜ የነገረኝ ባለሱቁ አይደለም።

*

የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ካቻቢቴ እንኳ ጉድጓዱ ላይ አያርፍላቸውም። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ግማሽ ናት። ዕቃውን ይዤ ደረጃ ስወጣ አዩኝና "እስቲ ነይ፣ ምን ገዛሽ?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ሆኑ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በየደረጃው እያረፉ ወጡ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ዱካ ተደረገላቸው፣ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የወደቀውን መያዣ አገላብጠው አዩ። ሠራተኛውን አልሰደቡም። "ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ ቀጥ አድርጎ በስቷል" አሉ። "ግን የሚከፈለው በቀዳዳ ነው። ግድግዳ የሚያንኳኳበት ጊዜ ማን ይከፍለዋል?"

ፊሸር የምንለው ፕላስቲክ የሰው ስም ነው። አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ነገር ነው፤ እኛ አገር የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ። ሥራው ቀላል ነው። ቪቴው ሲገባ ፕላስቲኩ ይሰፋል፣ በዙሪያው ያለውን ግድግዳ ይገፋል፣ በዚያ ግፊያ ይያዛል። ዙሪያውን ግድግዳ ካለ ማለት ነው። ብሎኬት ውስጥ ግን ጫፉ ብቻ ነው ሥጋ የሚያገኘው፤ የቀረው ክፍት ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይሰፋል። ፎቶ ይሸከማል፣ ሰዓት ይሸከማል። ሰው አይሸከምም።

በዚያ ላይ የሚወድቅ ሰው የሚጎትተው ከክብደቱ በላይ ነው። በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት በወጣው መመዘኛ የመታጠቢያ ቤት መያዣ 250 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 113 ኪሎ መቻል አለበት። ከግድግዳው የሚርቀውም 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጣት እንዲያልፍ፣ ክንድ ግን ሾልኮ እንዳይሰበር። እማዬ 62 ኪሎ ናት። እኔ 113ን ያዝኩ።

"እንግዲህ" አሉ ጋሼ፣ "ግድግዳው ካልያዘልሽ ግድግዳውን አንቺ ያዢው።"

ሐሳቡ ይሄ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ከኔ መኝታ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቀዳዳው ከወዲያ እስከ ወዲህ ያልፋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ ያለው ረጅም ብሎን ይገባል። በኔ ክፍል በኩል የእጅ መዳፍ የሚያክል ላሜራ ይደረጋል፣ በላሜራው ላይ ሮንዴላና ዳዶ። መያዣው ሲጎተት ፕላስቲክ ሳይሆን ግድግዳው በሙሉ ይጎተታል። ሰፈራችን ያለው ብረታ ብረት ቤት መያዣውን ከስቴንለስ ቧንቧ ሠራልን፤ በየጫፉ ሦስት ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት በየደልን። ሁለቱ ላሜራዎችም ከዚያው ተቆረጡ። ስድስት ቀዳዳ። ይሄ የሚሆነው ግን ሁለቱም ክፍል የራስ ሲሆን ብቻ ነው። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የሚያዋስን ቢሆን ኖሮ ሌላ መላ እንፈልግ ነበር።

*

የበሳነው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ብሎኩ ውስጥ ለቅሶ ነበር፣ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ በዚያ ቀን ድሪል አይነሳም። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ትንሽ እንረብሻለን" ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አራስ "ልጁ የሚተኛው አምስት ሰዓት ላይ ነው" አለች። ስለዚህ እስከ አምስት።

ጋሼ ከመጀመሬ በፊት አስር ደቂቃ ስለማይታየው ነገር አወሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ እንደልቡ አይሄድም፤ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ነው መሄድ ያለበት። ውሃም ከቧንቧው እንደዚሁ። ስለዚህ በነዚህ መስመሮች ላይ አይበሳም። የቦይለሩን ብሬከር አጠፋን። ድሪሉን ከሳሎን በኤክስቴንሽን አመጣነው፤ የተጠቀለለው ገመድ በሙሉ ተዘረጋ፣ ምክንያቱም ተጠቅልሎ ከባድ ነገር ሲነዳ ይግላል። መሬቱ ደረቅ መሆኑን ጋሼ ራሳቸው በእጃቸው ዳበሱ።

"ነጠላሽን አውልቂ" አሉ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ፀጉር፣ የአንገት ሐብል፤ የሚሽከረከር ነገር እነዚህን ሁሉ ይጠቀልላል። የሱፍ ጓንትም እንደዚያው። መነጽር አጠለቅሁ፣ ማስክ አደረግሁ። ከግድግዳ የሚወጣው አቧራ ለሳንባ ደግ አይደለም።

ሴራሚኩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ፣ በላዩ በእርሳስ ምልክት። በጫፉ እንደ ጦር በሾለ ፑንታ፣ ማዞሪያው "ማሽከርከር ብቻ" ላይ፣ በቀስታ፣ እማዬ በስፖንጅ ውሃ እያንጠባጠበች። ሴራሚክ ላይ መምቻውን ማስነሳት መሰንጠቅ ነው። ሴራሚኩ ሲያልፍ ፑንታ ቀየርኩ፤ ረጅሙን፣ ጫፉ ከግንዱ ሰፋ ያለውን የግድግዳ ፑንታ፣ 10 ሚሊ። እጄ መምቻው ላይ ሊያዞር ሲል ጋሼ "ተይው" አሉ።

"ብሎኬት ስስ ነው። ብትመቺው ከኋላ እንደ ሳህን ይረግፋል። ዝም ብሎ ይዙር፤ ይደርሳል።"

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኙ እንዴ ብዬ ነበር። "ድምፁን ስሚ" አሉ። "አሁን ልስን ነው።" እውነት ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነበር። "አሁን ብሎኬት።" ድምፁ ሻከረ። "አሁን ልትገቢ ነው፣ እጅሽን አቅልይ።" አቀለልኩ፤ ፑንታው ባዶው ውስጥ ዘልቆ ገባ። ሳላቀል ቢሆን መሳሪያው ከነሰውነቴ ወደፊት ይወድቅ ነበር። ከዚያ ሌላኛው የብሎኬት ፊት፣ ከዚያ የኔ ክፍል ልስን። እማዬ ወዲያ ክፍል ሄዳ እስኳድራ ይዛ ቆማለች። "መጣ! መጣ!" ብላ ጮኸች። የሷን ድምፅ እንደዚያ ደስ ብሎት ከሰማሁት ቆይቶ ነበር።

ሦስተኛው ቀዳዳ መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ጋሼ መጀመሪያ ያሉት "ስፒናውን ንቀይ" ነው። ብዙ ድሪል ቃታው ላይ መቆለፊያ አለው፤ ተቆልፎ እያለ መብራት ሄዶ እናንተም ረስታችሁ ብታስቀምጡት፣ መብራት ሲመጣ መሳሪያው ራሱ ይነሳል። ወለል ላይ፣ ፑንታውን ይዞ። በኛ ከተማ ይሄ ከሁሉም በፊት መነገር ያለበት ሕግ ይመስለኛል፤ መብራት ከሄደ ስፒናው ይነቀላል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቡና ጠጣን። የዚያን ዕለቱ ቡና ሰበብ አልነበረም።

*

እረፍቱ ላይ ጣታቸውን ጠየቅኳቸው። ግራይንደር ነው፤ ክዳኑ የወለቀ፣ እንጨት ለመቁረጥ ጥርስ ያለው ዲስክ የታሰረበት። "ያለኝ እሱ ነበር፣ መጋዝ ማምጣት ሰነፍኩ" አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

በኋላ አሰላሁት። ትንሹ ግራይንደር ባለ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ነው፣ በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የዲስኩ ጫፍ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። ክዳኑ የሚሰራው ዲስኩ ቢፈነዳ ስብርባሪው ወደ ፊታችሁ እንዳይመጣ ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ከመሳሪያው ፍጥነት ማነስ የለበትም። መሀሉ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት አንብቡ፤ የብረት መቁረጫ ዲስክ እንደ መድኃኒት የመጠቀሚያ ጊዜ አለው፣ ብዙዎቹ ላይ እዚያ ተጽፏል። ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ ደግሞ ግራይንደር ላይ አይታሰርም፤ እንጨቱ ሲነክሰው መሳሪያው ወደ ያዘው ሰው ነው የሚመለሰው። እንጨት ለመቁረጥ የእጅ መጋዝ አለ፣ ጂግሶ አለ። እኔ ግራይንደር አልገዛሁም። ብረት የሚቆረጥ ሲኖር ብረታ ብረት ቤቱ አምስት ደቂቃ ነው።

ከመብራቱ በኋላ የቀሩትን በሳን። ብሎኖቹ ገቡ፣ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያቸው ሲሊኮን ተደረገ፣ ዳዶዎቹ በየተራ ትንሽ በትንሽ ጠበቁ። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ከዚያ እኔ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፣ እግሬን ከመሬት አንስቼ። ከዚያ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ደገምኩት። እማዬ "እብድ ነሽ" አለች። መያዣው አልተነቃነቀም።

እማዬ ግን በማግስቱ ፎጣ ሰቀለችበት። ሰው ሲመጣ "የፎጣ መስቀያ ነው፣ ልጄ ናት የሰራችው" ትላለች። እኔ ምንም አልልም። ጠዋት ጠዋት ከሷ በኋላ ስገባ ግን ፎጣው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጫፍ ተገፍቶ ነው የማገኘው።

*

አንድ የቤት ድሪል በዓመት የሚሠራባቸው ሰዓታት በጣት ይቆጠራሉ። በቀረው ጊዜ አልጋ ሥር ይተኛል። ሃምሳ ቤት ባለበት ብሎክ ሃምሳ ድሪል አልጋ ሥር ማስተኛት የገንዘብ ብክነት ነው። እድር ድንኳንና ወንበር፣ ብረት ድስት በጋራ የሚያኖረው ለዚህ አይደል? በዓመት አንዴ የሚያስፈልግ ግን ሲያስፈልግ የግድ የሆነ ነገር። ድሪልም የዚያ ዘመድ ነው። የኛ ብሎክ እድር ገና አላሰበበትም፤ እስከዚያ የኔ ይዞራል። በአንድ ደብተር እጽፋለሁ፣ ማን ወሰደ፣ ለምን። መጋረጃ። የሕፃን አልጋ። ዲሽ። የአባት ፎቶ። ሕጉ አንድ ነው፤ መነጽሩ ከድሪሉ ተለይቶ አይወጣም። ከወሰዱት አምስቱ ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱ አብረን ነው የበሳነው። ጋሼ ደግሞ ከተጠሩ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንድ አባት ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። ከዘራ መያዝ ከጀመሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

"ልጄ፣ እናትሽ የሰቀለችው ዓይነት የፎጣ መስቀያ ለኔም ትሠሪልኛለሽ?"

"እሺ አባባ" አልኩ፤ ፊቴን ኮስተር አድርጌ። መታጠቢያ ቤታቸው ገባሁና ግድግዳውን በአንጓዬ አንኳኳሁት። አልመለሰም። ትንሽ ወደ ግራ ሄጄ ደገምኩት፤ አሁንም አልመለሰም፣ አንጓዬን አመመኝ። ኮለን ነው። ለእሳቸው የምንገዛው ብሎን ሌላ ነው፤ ማዞሪያውንም በዚህኛው ግድግዳ መምቻው ላይ እናደርገዋለን።